ደበበ እሸቱ፦ አርባ ዓመት የዘገየ መሪ ሚና

ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ብዕሩን ጥሎ ሐረር ገባ፤ ቡና ነገደ፤ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጠ። ይህን ሰው ሆኖ እንግሊዛዊው ቴሬንስ ስታምፕ የተወነበት ፊልም አለ፤ ጣሊያናዊው ኔሎ ሪሲ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ታሪኩ ያለ ሐረር አይሞላም። የሐበሻይቱን ፍቅረኛ የምትጫወተው ግን ብራዚላዊቷ ፍሎሪንዳ ቦልካን ናት። ከተዋንያኑ ዝርዝር ወረድ ስትሉ ነው አንድ የአገር ቤት ስም የምታገኙት፦ ደበበ እሸቱ።

(ተዋናይን አንቱ ማለት አልለመደብንም፤ የሁሉም ቤት ልጅ ነውና። ጋሽ ደበበን አንተ ብንለው ከፍቅር ነው።)

ከሁለት ዓመት በኋላ ሆሊውድ ራሱ መጣ። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው "ሻፍት ኢን አፍሪካ" ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀረጸ። ጥቁሩ መርማሪ ሻፍት አፍሪካውያንን ለጉልበት ሥራ ወደ ፓሪስ የሚሸጡ ደላሎችን ያድናል። (ዛሬ በሱዳንና በሊቢያ በኩል የሚሆነውን ለምናውቅ ታሪኩ አላረጀም።) ኤሚሩን የተጫወተው የጉያና ተወላጁ ሳይ ግራንት፣ ልጁን አለሜን ደግሞ አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማክጊ ናት። ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ይጫወታል። ዋናዎቹ አገሬዎች በእንግዶች ተይዘው ለአገሬው ተዋናይ የተረፈው ያ ነበር።

ችሎታ አንሶት ነው እንዳትሉ። ደበበ ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር ሃንጋሪ ተልኮ ቴአትር የተማረ፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ስሙን የተከለ ሰው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን አማርኛ ባናገረበት ዘመን የበሰለ ትውልድ ነው። ነገሩ የገበያ ነው፤ ትኬት የሚሸጠው የታወቀ ስም ነው፤ የታወቀ ስም ማለትም በነሱ አገር የታወቀ ማለት ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የሆሊውድ ካሜራ አዲስ አበባን ረሳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመድረክ ሳይሆን ከዜና ነው። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰረ፤ በ1999 ሐምሌ በይቅርታ ወጣ። በጳጉሜን 2003፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ በግ ሲያማርጥ፣ እንደገና ተያዘ፤ ከወራት በኋላ ተፈታ። አንድ ተዋናይ በዚያ ዕድሜው ስንት ገጸ ባሕርይ ሊጫወት ይችል ነበር ብሎ የሚቆጥር የለም። እኛ ግን ከቁጥሩ ውስጥ ቢያንስ አንዱን እናውቃለን፤ ምክንያቱም ከሁለተኛው እስር በኋላ ደርሶበታል።

በ2014 እ.ኤ.አ. በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል "ቀይ ቅጠሎች" ታየ። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ ቤተ እስራኤላዊ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነስተው የሱዳንን በረሃ በእግራቸው ካቋረጡት ወገኖች ታሪክ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አወጣ፤ መሰጋኒዮ ታደለ ይባላል፤ 74 ዓመቱ ነው፤ እስራኤል ከገባ 28 ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ስትሞት ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት ሊኖር ይነሳል። የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን ያነበበ ሰው መጨረሻውን ይገምታል፤ ያላነበበም አያቱን አይቶ ይገምታል። ልጆቹ በዕብራይስጥ ይኖራሉ። እሱ ትንሽ ነው የሚናገረው፤ ዕብራይስጥም እምብዛም አይናገርም።

መሪ ሚናው የደበበ ነው። ካሜራው ከፊቱ አይርቅም፤ ሽማግሌው ተቀምጦ ዝም ሲል፣ ምራቱ ስትናገር ሲሰማ፣ ቅጭም ብሎ ሲነሳ። በአንድ በኩል እልኸኛ ነው፤ ዛሬም ሁሉም እንዲታዘዘው ይፈልጋል። በሌላ በኩል የት እንደሚያድር አያውቅም። ደበበ ሁለቱንም አንዱን ለሌላው ሳይሸጥ ይዟቸዋል፤ እንድናዝንለትም አይለማመጠንም። ከራምቦው ፊልም እስከዚህ ከአርባ ዓመት በላይ ነው።

ስታምፕም ደበበም ያረፉት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው።