«የአፍ ጤና ቴራፒስት» ማን ናት?

ሜልበርን ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ከመንግሥት የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ሲያዝለት፣ ልጁን የምታየው ባለሙያ «ኦራል ኸልዝ ቴራፒስት» ልትሆን ትችላለች። የጥርስ ሐኪም አለመሆኗን ሲሰማ «ታዲያ ነርስ ናት?» ብሎ ቅር የሚለው ወላጅ አይጠፋም። ነርስም አይደለችም።

ማዕረጉን በአማርኛ «የአፍ ጤና ቴራፒስት» እንበለው። «የጥርስ ሐኪም» ካልነው ከሌላ ሙያ ጋር ይምታታል፤ «የጥርስ ነርስ» ካልነው ደግሞ ለሐኪሙ መሣሪያ የሚያቀብል ረዳት ይመስላል። «ቴራፒስት» የሚለውን ቃል እንደሆነ ከፊዚዮቴራፒስት ለምደነዋል። «አፍ» የተባለውም ምርመራው ከጥርስ አልፎ ድድን፣ ምላስንና የጉንጭን ውስጥ ስለሚጨምር ነው።

ሙያው የመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ኒውዚላንድ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለውትድርና የቀረቡት ወጣቶች የጥርስ ሁኔታ አገሪቱን ስላስደነገጠ፣ ቶማስ ሀንተር በተባሉ የጥርስ ሐኪም መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ዌሊንግተን ውስጥ ወጣት ሴቶችን በየትምህርት ቤቱ ለመመደብ ለሁለት ዓመት ማሠልጠን ተጀመረ። እነሱም የተማሪዎችን ጥርስ ይሞሉና ይነቅሉ ነበር። (በእግር እየተረገጠ በሚዞር መሰርሰሪያ ይሠራ በነበረበት ዘመን ያለፉት ልጆች ክሊኒኩን «የግድያ ቤት» አሉት። ስሙ ብዙ ዘመን አብሮት ኖሯል።) ሌላው አሜሪካ ነው። አልፍሬድ ፎንስ እ.ኤ.አ. በ1913 ብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ውስጥ የጥርስ እጥበትንና የመከላከል ሥራን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በኋላ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ዲግሪ አጣመሯቸው።

የዛሬዋን ቴራፒስት ሥራ በምሳሌ እንይ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት፣ ቴራፒስቷ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ብቅ ያለ መንጋጋ እንዳለ ታያለች። ይህ ጥርስ ሲበቅል ቦታ የሚለቅለት የወተት ጥርስ ስለሌለ፣ ወላጅ እሱንም ከወተት ጥርስ ይቆጥረዋል። ቋሚ ጥርስ ነው፤ ከተበላሸ ምትክ አይበቅልለትም። በሚያኝክበት ፊቱ ላይ ያሉት ጠባብ ስንጥቆች ምግብ ይይዛሉ፣ የብሩሽ ፀጉርም አይደርስባቸውም። ስለዚህ ጥርሱን አጽድታ፣ ምራቅ እንዳይነካው በጥጥ ከልላ፣ ስንጥቆቹን በፈሳሽ መሸፈኛ ትደፍናለች፤ በሰማያዊ ብርሃንም ታጠነክረዋለች። መርፌ የለ፣ መሰርሰሪያ የለ። በደቂቃዎች ያልቃል።

የተቦረቦረው የወተት መንጋጋ ከሆነስ? «የወተት ጥርስ አይደል፣ ነገ ጣሪያ ላይ ይወረወራል» የሚል ወላጅ፣ ሁለተኛው የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ እንደሚያገለግል አላሰበም። ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ ያጣል። ቴራፒስቷ ማደንዘዣ ወግታ ትሞላዋለች፤ ብልሽቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የነርቩን የላይኛ ክፍል አውጥታ ጥርሱን በብረት ቆብ ትሸፍነዋለች። የማይድን ከሆነ ትነቅለዋለች። ለአዋቂዎችም ጥርስ ታጥባለች፣ ራጅ ታነሳለች፣ የድድ ሕመም ታክማለች፤ የአዋቂ ጥርስ መሙላት ግን በሠለጠነችበት ልክ ነው። የቋሚ ጥርስ የሥር ሕክምና፣ ድልድይና ቀዶ ሕክምና የሐኪም ሥራ ስለሆነ ወደዚያ ትልካለች።

ትምህርቱ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ሜልበርንና አደላይድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኒውዚላንድ ውስጥም ኦታጎ ያስተምሩታል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የፕላስቲክ ጥርስ በተገጠመለት የአሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ይለማመዳሉ፤ ከዚያ በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር እውነተኛ ታካሚ፣ ሕፃንም አዋቂም፣ ይሰጣቸዋል። የሚፈራ ልጅን ማባበልም የሙያው አካል ነው፤ እኔ እንዲያውም ከመሙላቱ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል።

ትምህርቱን ጨርሶ መመዝገብ ግዴታ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ቴራፒስቶች ከጥርስ ሐኪም ጋር በመደበኛ የሥራ ግንኙነት መታሰር ነበረባቸው፤ ያ ቀርቷል። ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለልጆች የጥርስ ሕክምና መንግሥት የሚከፍለውን ገንዘብ በራሳቸው የአገልግሎት ሰጪ ቁጥር መጠየቅ ይችላሉ። ስለዚህ «ዋናው ሐኪም የታለ?» ማለት አያስፈልግም። የባለሙያዋን ስም አፕራ የተባለው ተቋም በሚይዘው የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች መዝገብ ላይ ማንም ሰው በነፃ ማየት ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁም ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅላችሁ ጠይቁ።