የመድኃኒት ከደም ፕሮቲን ጋር መያያዝ

የመድኃኒት ከደም ፕሮቲን ጋር መያያዝ፣ ወደ ደም የገባ መድኃኒት በፕላዝማ ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ መልሶ የሚላቀቅበት ሂደት ነው። ዋናው ተሸካሚ በጉበት የሚመረተው አልቡሚን ሲሆን፣ በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ35 እስከ 50 ግራም ያህል ይገኛል። ከደም ሥር ወጥቶ የሚሠራው ያልተያዘው፣ ነፃው ክፍል ነው። ለምሳሌ የደም መርጋትን ከሚከላከለው ዋርፋሪን 99 በመቶ ያህሉ የተያዘ ነው።

አለካክ። የተለመደው ዘዴ የሚዛን ዳያሊሲስ ነው። ፕላዝማና መድኃኒት ከስስ ወንፊት በአንድ ወገን፣ ጨዋማ ፈሳሽ በሌላው ወገን ይደረጋሉ። ፕሮቲኑ በወንፊቱ አያልፍም፤ ነፃው መድኃኒት ግን ያልፋል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ቆይቶ የሁለቱ ወገን ነፃ መድኃኒት ሲተካከል፣ መጠኑ በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካል። መድኃኒቱ በወንፊቱና በዕቃው ላይ ከተጣበቀ ውጤቱ ይሳሳታል።

በሕመም ጊዜ። ልኬቱ ከበሽታ ጋር ይለዋወጣል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ የሰሜን ሸዋ ቆላዎች የሚታወቀው ወባ ለዚህ ምሳሌ ነው። ወባ ሲጠና አልፋ-1 አሲድ ግላይኮፕሮቲን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛል። በጤነኛ ሰው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚያዘው የወባ መድኃኒት ኪኒን ያኔ ወደ 90 በመቶ ይያዛል። በአንጻሩ በምግብ እጥረትና በጉበት በሽታ አልቡሚን ስለሚቀንስ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ነፃ ድርሻው ከፍ ይላል። አጠቃላይ መጠኑን ብቻ አይቶ መድኃኒቱን መጨመር ታማሚውን ይጎዳል።

ከዕፅ ወደ መድኃኒት። በአንኮበር ወረዳ ለሰው ሕመም የሚውሉ 135 የመድኃኒት ዕፅ ዝርያዎች ተመዝግበው ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዝርዝሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ተለይቶ ከደም ፕሮቲን ጋር መያያዙ መለካት አለበት። የደጋው ኮሶ የኮሶ ትልን የሚያጠቃው አንጀት ውስጥ ስለሆነ በደም መጓዝ አያስፈልገውም፤ ልኬቱ የሚጠቅመው ወደ ሰውነት የሚዘልቀው ክፍል የሚያስከትለውን ጉዳት ለመገመት ነው። ለምች የሚጠጣው ዳማከሴ ግን በደም በኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ነፃ ድርሻው ፈዋሽነቱንም ይመለከታል።

በንድፍ ሥራ። ብዙ መያያዝ ብቻውን መድኃኒትን ከንቱ አያደርግም፤ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ነፃውን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው ጉበት የሚያስወግድበት ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ነዳፊው የሚጠበቀው መያያዙን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን በትክክል ማወቅ ነው።