ከክልከላ ወደ ምክር፦ የአይሶሜትሪክ እንቅስቃሴና የደም ግፊት

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ፣ ኑሮ ከእርሻና ከፈረስ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓልም ለዚህ ምስክር ነው። ፈረሰኛው በኮርቻው ለመጽናት ጭኑን ያጠብቃል፤ ገበሬውም ዕርፍ ጨብጦ ይውላል። መገጣጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ጡንቻ ተኮማትሮ የሚቆይበት እንዲህ ያለው ሥራ በሕክምና አጠራር አይሶሜትሪክ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ሐኪሞች ስለዚሁ እንቅስቃሴ የነበራቸው አመለካከት እንዴት እንደተለወጠ ይዳስሳል።

ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 በክንድ የሚታሰረውን መለኪያ ካስተዋወቀና ኮሮትኮቭ በ1905 የማዳመጡን ዘዴ ከጨመረበት በኋላ፣ ግፊት በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚያሳየውን ለውጥ መከታተል ቀላል ሆነ። አላምና ስመርክ በ1937 የተኮማተረ ጡንቻ የደም ዝውውሩ ሲታገድ ግፊትን በነርቭ ምላሽ ከፍ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1960ዎቹ እነ ሊንድ አጥብቆ መጨበጥ ብቻ ግፊትን በእጅጉ እንደሚጨምር አረጋገጡ። ከዚህ በመነሣት የደም ግፊት ሕሙማን ከመሰል ጥረት እንዲርቁ ይመከር ጀመር።

ይሁን እንጂ በጥረቱ ሰዓት የሚታየው ግፊትና በዕረፍት ጊዜ የሚለካው ግፊት የተለያዩ ናቸው። በክና ዶነር በ1985 ባቀረቡት ጥናት፣ ሥራቸው አይሶሜትሪክ ጥረት በሚጠይቅባቸው ወንዶች ላይ የደም ግፊት በሽታ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1992 እነ ዋይሊ፣ ግፊታቸው ወደ ከፍተኛው የተጠጋ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን፣ በአቅማቸው 30 በመቶ፣ ለ2 ደቂቃ 4 ጊዜ እንዲጨብጡ አደረጉ። ከ8 ሳምንት በኋላ ላይኛው ግፊት በአማካይ 12.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቀነሰ። በ2023 የታተመና 270 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ አይሶሜትሪክ ልምምድ ላይኛውን ግፊት በ8.24፣ ታችኛውን በ4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ይህም ከእርምጃና ከሩጫ መሰል እንቅስቃሴዎች ውጤት የላቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ወደ 16 በመቶ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና አልጀመሩም። እንዲህ ባለበት ሁኔታ ለገበሬ ሕመምተኛ በደፈናው “ከባድ ሥራ አትሥራ” ማለት መተዳደሪያውን ወይም ክትትሉን እንዲተው ማስገደድ ነው። በአንጻሩ እርሻው ብቻውን ሕክምና ነው ማለትም አይገባም፤ የተጠናው መጠኑና ጊዜው የተወሰነ ልምምድ ነውና። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጉልበትን አጥፎ ለ2 ደቂቃ መቆየት፣ በመካከሉም እያረፉ 4 ጊዜ መደጋገም መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊማሩት ይቻላል።

ባለሙያው ግን ሦስት ነገሮችን ሊያሳስብ ይገባል፦ ትንፋሽ እንዳይታፈን፣ ከ180/110 በላይ የሆነ ግፊት አስቀድሞ በመድኃኒት እንዲስተካከል፣ ልምምዱም የታዘዘውን መድኃኒት እንዳያስተው።