12 ንፍፊቶች፦ በትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ የቁጥሩ ፋይዳና ገደብ

የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የሕክምናውን ቀጣይ አቅጣጫ በዋነኛነት የሚወስነው ካንሰሩ ወደ ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) መድረስ አለመድረሱ ነው። ኩትበርት ዱክስ እ.ኤ.አ. በ1932 ለፊንጢጣ ካንሰር ባወጣው ምደባ ንፍፊት የተነካበትን በሽታ ለብቻው «ሲ» ብሎ መድቦታል። ዛሬ በሚሠራበት የቲኤንኤም ምደባ ከ1 እስከ 3 ንፍፊት ከተነካ ኤን1፣ 4ና ከዚያ በላይ ከተነካ ኤን2 ይባላል። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ካልተሰራጨ ሁለቱም 3ኛ ደረጃ ናቸው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ላለ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ኬሞቴራፒ የተለመደ ምክር ነው።

«ንፍፊቶቹ ነፃ ናቸው» የሚል ውጤት እንዲታመን ቢያንስ 12 ንፍፊት መመርመር አለበት የሚለው መስፈርት በስፋት ተቀባይነት አግኝቷል። ፍለጋው ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። ፓቶሎጂስቱ ከአንጀቱ ጋር የወጣውንና በፎርማሊን የቆየውን ስብ በስሱ እየቆራረጠ በጣቱ ይዳብሳል። ካንሰር ከሚገኝባቸው ንፍፊቶች ብዙዎቹ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱ ስለሆኑ ትልልቆቹን ብቻ መልቀም አያዋጣም።

ይሁንና በርካታ ንፍፊት የተመረመረላቸው ታካሚዎች የተሻለ ዕድሜ የሚኖራቸው ድብቅ ካንሰር ስለተገኘላቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ86 ሺህ በላይ የታካሚ መረጃዎችን መርምሯል። 12ና ከዚያ በላይ ንፍፊት የታየላቸው ታካሚዎች ድርሻ በ1988–1990 ከነበረበት 34.6 በመቶ፣ በ2006–2008 ወደ 73.6 በመቶ አድጓል። በንፍፊታቸው ካንሰር የተገኘባቸው ግን ከ40 ወደ 42 በመቶ ብቻ ከፍ አሉ። ይህም ሆኖ ብዙ ንፍፊት የታየላቸው ታካሚዎች የሞት አደጋ ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍለጋው ጥራት ሌላ የታካሚውን ዕድሜ፣ ዕጢው ያለበትን ቦታና ሰውነት ለካንሰሩ የሚሰጠውን የመከላከል ምላሽም ያንጸባርቃል ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ጨረር በወሰደ የፊንጢጣ ካንሰር ታካሚ ላይ ንፍፊቶች ስለሚመነምኑ፣ ከ12 ማነስ ሁልጊዜ የቸልተኝነት ምልክት አይሆንም።

ስለሆነም ከ12 ያነሰ ተገኝቶ ሁሉም ነፃ ከሆነ ወደ ናሙናው ተመልሶ መፈለግ ተገቢ ነው። ካልተሳካ በ2ኛ ደረጃ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ይህ ጉድለት ኬሞቴራፒ ለመስጠት ሲታሰብ ከአደጋ ጠቋሚዎች አንዱ ሆኖ ይመዘናል። 12 መሙላትም ፍለጋውን ለማቆም ፈቃድ አይደለም፤ ናሙናው ውስጥ የቀረ ንፍፊት ካለ መመርመር ይኖርበታል። ዘገባውም የታዩትንና የተነኩትን ንፍፊቶች ቁጥር ለየብቻ ካልጻፈ «ነፃ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስተማምን ሐኪሙ ሊመዝን አይችልም።