ሙግት እንደ ማስተማሪያ፦ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ልማድ በ13ኛው ክፍለ ዘመን

በመካከለኛው ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የሥነ መለኮት መምህር ሦስት ተግባራት ይጠበቁ ነበር፤ እነርሱም ቅዱሳት መጻሕፍትን እያነበቡ መተርጎም፣ መሟገትና መስበክ ናቸው። የካቶሊክ የትምህርት ትውፊት ለዩኒቨርሲቲ ካወረሳቸው ነገሮች መካከል ከእነዚህ ተግባራት ሁለተኛው፣ ማለትም የአንድን ሐሳብ እውነትነት ለመመርመር በመምህሩ መሪነት በጉባኤ ፊት የሚካሄደው ሙግት፣ ልዩ ስፍራ አለው።

ለልማዱ መዳበር አንዱ ምክንያት የቤተ ክርስቲያን አበው ቃል በብዙ ስፍራ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ መታየቱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፒየር አቤላር «አዎን እና አይደለም» በተባለው ሥራው በ158 ጥያቄዎች ሥር ተቃራኒ የሚመስሉ የአበው ንግግሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ የማስታረቁን ሥራ ለአንባቢው ተወለት። እ.ኤ.አ. በ1231 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ የፓሪስ መምህራን የትምህርቱንና የሙግቱን ሥርዓትና ሰዓት ራሳቸው እንዲደነግጉ ስለፈቀዱላቸው ልማዱ በሕግ ጸና።

አካሄዱ ጥብቅ ነበር። መምህሩ ጥያቄውን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ በመጀመሪያው ጉባኤ የተገኙት ሰዎች የተቃውሞ መከራከሪያ ሲያቀርቡ፣ መልስ የመስጠቱ ኃላፊነት የሚወድቀው ባችለር በሚባለውና ለመምህርነት በሚዘጋጀው ረዳት ላይ ነው። በሌላ ቀን መምህሩ የተነሡትን ሐሳቦች በቅደም ተከተል አደራጅቶ የራሱን ብያኔ ይሰጣል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተቃውሞ መልስ ይሰጣል። ከገናና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ማንኛውም ታዳሚ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ጥያቄ የሚያነሣባቸው ሙግቶች ይካሄዱ ስለነበር፣ መምህሩ ያልተዘጋጀበትን ጥያቄ ጭምር መመለስ ነበረበት።

የዚህ ሥርዓት አሻራ በፓሪስ የሥነ መለኮት መምህር በነበረው በቶማስ አኲናስ ሥራዎች ጎልቶ ይታያል። በ«ሱማ ቴዎሎጊኤ» መጀመሪያ ክፍል «እግዚአብሔር አለን?» ብሎ ሲጠይቅ በቅድሚያ የሚያቀርበው የራሱን አቋም ሳይሆን ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎችን ነው፤ አንደኛው በዓለም ላይ ክፋት መኖሩ፣ ሁለተኛው ሁሉም ነገር በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ ሊብራራ የሚችል መምሰሉ ነው። የእግዚአብሔርን መኖር የሚያሳዩ አምስት ማስረጃዎችን የሚዘረዝረው እነዚህን ካሰፈረ በኋላ ነው። ከአርስቶትል በተጨማሪ ሙስሊሞቹን ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን፣ አይሁዳዊውን ሙሴ ማይሞኒደስንም ጠቅሶ ይመረምራል።

አኲናስ መምህር በሥልጣን፣ ማለትም በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ቃል፣ ላይ ብቻ ተደግፎ ማስተማር ይገባው እንደሆነ በአንድ ሙግት ተጠይቆ ነበር። ጥርጣሬን ለማስወገድ በሚደረግ ክርክር ተከራካሪው የሚቀበለውን የሥልጣን ቃል መጥቀስ እንደሚገባ፣ ተማሪን ለማስረዳት ሲሆን ግን የነገሩን ሥር የሚገልጥ ምክንያት ማቅረብ እንደሚያስፈልግ አስረዳ፤ ምክንያቱን ያልሰማ ተማሪ ነገሩ እውነት መሆኑን ቢያረጋግጥም ማስተዋል ሳያገኝ ይሄዳልና።

ይሁን እንጂ የመሟገት ነጻነቱ ወሰን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1210 የአርስቶትል የተፈጥሮ ፍልስፍና በፓሪስ እንዳይነበብ ተከልክሎ ነበር፤ በ1255 ግን የአርት ፋኩልቲው መጻሕፍቱን በመደበኛ ትምህርቱ ውስጥ አካተታቸው። በ1277 የከተማዪቱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ 219 አንቀጾችን ሲያወግዙ አንዳንዶቹ የአኲናስን ሐሳብ የሚነኩ ነበሩ፤ እርሱን የሚመለከተው ውግዘት የተነሣው በ1325 ነው።

እንግዲህ ይህ ትውፊት ለዛሬው መምህርና ተመራማሪ የሚያቀርበው የተወሰነ መደምደሚያ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው፤ ይኸውም የሚቃወሙትን ሐሳብ ባለቤቱ ከሚያቀርበው ባልተናነሰ ጥንካሬ ማቅረብ፣ ብያኔን በምክንያት መደገፍና ለቀረበው ተቃውሞ ሁሉ መልስ መስጠት ነው። የ1277ቱ ውግዘት እንደሚያሳየውም፣ ይህን ግዴታ መወጣት የሚቻለው ጥያቄውን ማንሣት ራሱ እንደ ጥፋት በማይቆጠርበት ተቋም ነው።