በጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን የኖረ አያትን የዘር ሐረግ መፈለግ

በጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን የኖረን አያት የዘር ሐረግ መፈለግ፣ በኤርትራ ከ1890 እስከ 1941፣ በኢትዮጵያም በወረራው ዘመን ከ1936 እስከ 1941 ከጣሊያናዊ አባትና ከአገሬው ተወላጅ እናት የተወለዱ ክልሶችና ዘሮቻቸው የአባትየውን ማንነትና ትውልድ በቃል ታሪክና በመዝገብ የሚያጣሩበት ጥናት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፍለጋውን የሚያከብደው የመዝገብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ሕጉ ራሱ አባትነት እንዳይጻፍ መከልከሉ ስለሆነ፣ አጥኚው ከስም አስቀድሞ ሊያረጋግጥ የሚገባው ልጁ የተወለደበትን ዓመት ነው። በቅኝ ግዛቱ ቀደምት ዓመታት ጣሊያናዊው ከአገሬው ሴት ጋር ያለ ሕጋዊ ጋብቻ አብሮ የሚኖርበት «ማዳማቶ» የተባለ ልማድ ተስፋፍቶ ነበር፤ አባትየው ከፈቀደም የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ ሊቀበል ይችል ነበር። በ1933 የወጣ ሕግም አባቱ ያልታወቀ ክልስ እንኳ መልኩንና አስተዳደጉን የሚመዝኑ መስፈርቶችን ካሟላ የጣሊያን ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቅዷል። በኤፕሪል 1937 ግን የፋሺስቱ መንግሥት ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ፤ በሜይ 1940 የወጣው ሕግ ደግሞ አባት ልጁን እንዳይቀበልና የቤተሰብ ስሙን እንዳይሰጠው ከልክሎ፣ ልጁ በእናቱ ወገን ብቻ እንዲቆጠር አዘዘ። ይህ ሕግ የተሻረው በ1947 ነው። በእነዚያ ዓመታት በመዝገብ ላይ መፈረም በራስ ላይ ማስረጃ እንደ መስጠት ይቆጠር ስለነበር፣ የአባት ስም ቦታ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን አባትየው ልጁን ለመካዱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ሌላው እንቅፋት የስም አሰጣጥ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ልጅ በአባቱ የግል ስም ስለሚጠራ፣ የጆቫኒ ልጅ «ጆቫኒ»ን የአባት ስም አድርጎ ሲይዝ፣ በጣሊያን መዝገብ ዋና መለያ የሆነው የቤተሰብ ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል፤ በእናታቸው አባት ወይም በክርስትና አባታቸው ስም የተጠሩም አሉ። በዚህ ምክንያት ከስሙ ይልቅ በዙሪያው ያለው ዝርዝር፣ ማለትም ሰውየው ሹፌር፣ መካኒክ ወይም ወታደር መሆኑ፣ የሠራበት ከተማ፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈ ቃልና የካቶሊክ ሚሲዮኖች የጥምቀትና የአዳሪ ትምህርት ቤት መዝገብ የላቀ ዋጋ ይኖረዋል።

በጣሊያን በኩል ዋነኛው ሰነድ የእያንዳንዱን ወታደር የአገልግሎት ታሪክ የያዘው «ፎልዮ ማትሪኮላሬ» ነው። ሰነዱ በየክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ቤተ መዛግብት የሚቀመጠውና የሚደራጀው በትውልድ ዓመትና በውትድርና ምልመላ ወረዳ ስለሆነ፣ ስም ብቻ ይዞ መጠየቅ እምብዛም ውጤት አያስገኝም። የትውልድ መንደሩ ከታወቀ ግን የማዘጋጃ ቤቱ የልደት መዝገብ ብዙ ይናገራል፤ በሰነዱ ኅዳግ ላይ የባለቤቱ ጋብቻና ሞት ጭምር ሊሰፍር ይችላልና። ከ1941 ሽንፈት በኋላ ብዙ ወታደሮች ተማርከው ወደ ኬንያ፣ ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ስለተወሰዱ፣ ዱካው አስመራ ወይም አዲስ አበባ ላይ ሲቋረጥ ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የምርኮኞች መዝገብ ሊታይ ይገባል።

የዘረመል ምርመራ የወረቀቱን ክፍተት በከፊል ይሞላል፤ ስም ባይናገርም በጣሊያን ያሉ ዘመዶች ተመርምረው ከሆነ ዝምድናውን ያሳያል። የደም ዝምድናን ማወቅና አባትነትን በሕግ ማስመስከር ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ልጅ የአባቱን ዘረመል ግማሽ ሲወርስ የልጅ ልጅ ከአያቱ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ በወረራው ዘመን የተወለዱት ደግሞ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ስለሆናቸው፣ በሕይወት ካሉ የምርመራ ናሙናውም ቃሉም ከሁሉ አስቀድሞ ከእነርሱ ሊወሰድ ይገባል።