በሬና እህል ለብድር ዋስትና፦ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ሕግ እንዴት ይሠራል?

ሁለት የእርሻ በሬ፣ አንዲት የምትታለብ ላም፣ ዐሥር በግና በአውድማ ዳር የተከመረ ጤፍ ያለው አርሶ አደር በመንደሩ ደኻ አይባልም። ንብረቱ በገበያ ዋጋ ቢሰላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ያወጣል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ወፍጮ ለመትከል ወይም ከብት ለማድለብ አስቦ ወደ ባንክ ሲሄድ ለረጅም ዘመን የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «በከተማ ቤት አለህ ወይ?» የሚል ነበር። ቤት ከሌለው ውይይቱ በዚያው ያበቃል። በኪራይ ቤት ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ተክላ የምትሠራ የከተማ ነዋሪም ዕጣዋ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ስለ ሥራ ፈጠራ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሥልጠናና የአመለካከት ለውጥ ነው። ሥልጠና የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሠልጥኖ የወጣ ሰው ያለውን ንብረት ተጠቅሞ መበደር ካልቻለ ዕውቀቱ ከደብተር አያልፍም። የፔሩ ተወላጁ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኸርናንዶ ደ ሶቶ እንዲህ ዓይነቱን በእጅ ያለ ግን ለብድር የማይውል ሀብት «የሞተ ካፒታል» ብለው ይጠሩታል። በኢትዮጵያ ይህን ሀብት ለማንቀሳቀስ የወጣው ዋነኛ ሕግ የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም ስለ ይዘቱ በቂ ግንዛቤ ያለው ተበዳሪ ጥቂት ነው።

ቀድሞ ምን ይከለክል ነበር?

የችግሩ አንደኛው ምንጭ የመሬት ሥርዓቱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ አርሶ አደሩ ትልቁን ሀብቱን ይጠቀምበታል እንጂ እንደ ቤት ለባንክ አስይዞ በሐራጅ ሊያሸጠው አይችልም።

ሁለተኛው ምንጭ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም በመሠረቱ የሚያዘው ዕቃ ለአበዳሪው ወይም ለሦስተኛ ወገን ተላልፎ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ወርቅ ወይም ሰዓት ከሆነ አያስቸግርም። በሬው በመያዣ ከተወሰደ ግን ማሳው በምን ይታረሳል? ባንኩስ በሬውን የሚያስርበት በረት፣ የሚያበላው ገለባ ከየት ያመጣል? ማሽኗን አስረክባ የተበደረችው ባለ ዎርክሾፕም ብድሩን ሠርታ የምትከፍልበት መሣሪያ አይኖራትም።

ባንክ በሩን ሲዘጋ ሰው መላ አያጣም። እቁብ ይጥላል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ሲብስም በወንጀል ሕጉ የተከለከለውን አራጣ ይደፍራል። በአማራ ክልል ይህን ክፍተት ለመሙላት ሰፊ ድርሻ የነበረው፣ በኋላ ወደ ጸደይ ባንክነት የተሸጋገረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ተቋሙ ከሌሎች መሰል ተቋማት ጋር ያስፋፋው አሠራር የቡድን ዋስትና ሲሆን፣ ጥቂት ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ይህ አሠራር ምንም የሚያስይዙት የሌላቸውን ሰዎች ለብድር አብቅቷል። ጉድለቱ የሚታየው ሥራው ማደግ ሲጀምር ነው። ሁለት በሬ ሲያደልብ የነበረ ሰው ሃያ ለማድለብ ሲነሣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከጎረቤቶቹ የመዋስ አቅም ይበልጣል። እነርሱም ለእርሱ ድፍረት ብለው የራሳቸውን ኑሮ አደጋ ላይ እንዲጥሉ መጠበቅ አግባብ አይሆንም።

አዋጁ የለወጠው

የአዋጅ 1147/2011 ዋና ፍሬ ነገር ንብረቱ በባለቤቱ እጅ እንዳለ፣ እየሠራበትና እየተጠቀመበት ዋስትና ሊሆን መቻሉ ነው። በሬው ማረሱን፣ ላሟ መታለቧን፣ ማሽኑ መሥራቱን ይቀጥላል። በዋስትና ሊያዙ ከሚችሉት መካከል የቁም እንስሳት፣ የግብርና ምርት፣ በማሳ ላይ ያለ ሰብል፣ ማሽነሪ፣ ተሽከርካሪ፣ በሱቅና በመጋዘን ያለ የንግድ ዕቃ፣ የመጋዘን ደረሰኝና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ይገኛሉ። ገና ያልተሰበሰበ ሰብል፣ ያልተወለደ ጥጃ እንኳን በውሉ ሊካተት ይችላል።

ንብረቱ በተበዳሪው እጅ ከቀረ አበዳሪው መተማመኛው ምንድን ነው? መልሱ ምዝገባ ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር የኤሌክትሮኒክ የመያዣ መዝገብ የተቋቋመ ሲሆን፣ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2020 የመዝገቡን አሠራር፣ የንብረቶችን አመዘጋገብና የዋጋ አተማመን የሚመለከቱ መመሪያዎችን አውጥቷል። አበዳሪው ከተበዳሪው ጋር የጽሑፍ ውል ከፈረመ በኋላ መብቱን በዚህ መዝገብ ያስገባል። ሌላ አበዳሪ ያንኑ ንብረት ለመያዝ ሲያስብ መዝገቡን ፈትሾ ቀድሞ የተያዘ መሆኑን ያውቃል። ሁለት አበዳሪዎች በአንድ ንብረት ላይ ቢገናኙ፣ በመርሕ ደረጃ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ጋና ተመሳሳይ መዝገብ በማዕከላዊ ባንኳ ሥር ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር፤ ኢትዮጵያ ወደዚህ መንገድ ዘግይታ ገብታለች።

እንስሳትና እህል በተግባር

ከብት ማድለብ ለዚህ ዓይነቱ ብድር የተመቸ ሥራ ነው። ሦስት ወይም አራት ወር የሚወስድ፣ መግቢያውና መውጫው የሚታወቅ፣ ሽያጩም ከበዓላት ጋር የሚገጣጠም ነው። ይሁንና ባንኩ «የትኛው በሬ?» ብሎ ሲጠይቅ «ቀዩ፣ ግንባሩ ቦቃ የሆነው» የሚል መልስ አይበቃም፤ ቀይ በሬ በየገበያው ሞልቷል። እንስሳው በጆሮ ምልክት ወይም በሌላ በማይምታታ መለያ መታወቅ አለበት። ዕድሜው በጥርሱ፣ ክብደቱ በሚዛን ወይም በደረቱ ዙሪያ ልኬት ይገመታል፤ የክትባት ታሪኩም ይጠየቃል። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎሮርሳ በአንድ ሳምንት በረት ባዶ የሚያስቀሩ በሽታዎች ስለሆኑ ያልተከተበ ከብት ለአበዳሪ ዋስትናው የላላ ነው። ስለዚህ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚሰጠው የክትባት ማስረጃ ሊጣል የማይገባው ወረቀት ነው።

ቀሪው ሥጋት ድርቅና ድንገተኛ ሞት ነው። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሠራበት የእንስሳት መድን የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ድርቅ ሲጸና ለአርብቶ አደሩ ካሣ ይከፍላል። በደጋውና በወይና ደጋው ግን የእንስሳት መድን ገና አልተስፋፋም። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት አገር ሆና ሳለ ይህ አገልግሎት ቀጭን መሆኑ የሕጉን ጉልበት ያሳንሰዋል።

እህልን በተመለከተ ጥቅሙ ይበልጥ ግልጽ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምርት ሲሰበሰብ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋም ይወርዳል። አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ወጪና ልዩ ልዩ ክፍያ ስለሚጠብቀው በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ እህል በተወደደ ዋጋ መልሶ የሚገዛ አለ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 372 ዕውቅና በሰጠው በዚህ ሥርዓት ምርቱ ተመዝኖና ደረጃው ተለይቶ በተፈቀደለት መጋዘን ሲገባ ባለቤቱ ደረሰኝ ይቀበላል። ደረሰኙን አስይዞ ለአስቸኳይ ወጪው ይበደራል፣ ዋጋ ሲሻል ሸጦ ይከፍላል። በሁመራ፣ በመተማና በጎንደር የሰሊጥ ነጋዴዎች ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘኖች ጋር ይተዋወቃሉ። አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ ግን ብቻውን መጋዘን ድረስ የሚያስኬድ ምርት ስለማይኖረው መንገዱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ነው። ማኅበሩ ደካማ ከሆነ ደረሰኙም ለእርሱ ወሬ ብቻ ይሆናል።

መሬቱም በተወሰነ መልኩ ወደ ዋስትና ቀርቧል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝን ይፈቅዳሉ። የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን በእርሱ የመጠቀም መብት ነው።

ለከተማ ነዋሪዎች

በከተማ ሱቅ ወይም ዎርክሾፕ ያላቸው ሰዎች ማሽናቸውን፣ የሸቀጥ ክምችታቸውንና ከደንበኛ የሚጠብቁትን ክፍያ ማስያዝ ይችላሉ። ማሽኑን ገና ያልገዛ ሰው ደግሞ የካፒታል ዕቃ ኪራይ አማራጭ አለው። ተቋሙ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያል፣ ተከራዩ በየጊዜው ከፍሎ ሲጨርስ ባለቤት ይሆናል፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ሌላ ንብረት ፍለጋ መባዘን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች የሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክትም ባሕር ዳርን ጨምሮ በትላልቅ ከተሞች ለሴቶች ብድር አቅርቧል። በፕሮጀክቱ ውስጥ በንብረት ምትክ የተበዳሪዋን የመክፈል ፈቃደኝነትና ችሎታ በጥያቄዎች የሚመዝን ፈተናም ተሞክሯል።

ከመፈረም በፊት

የትዳር አጋር ፈቃድ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ አንድ ደህና ዶሮ እንኳን አይገዛም፤ ስለዚህ ማንኛውም በሬ በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል ማለት ነው። ባል ለብቻው ፈርሞ ሚስት በሬው መያዙን የምትሰማው ሊወሰድ ሲመጡ መሆን የለበትም።

ብድሩ ካልተከፈለ የሚከተለውንም ማወቅ ያሻል። ተበዳሪው በውሉ አስቀድሞ ከተስማማ አበዳሪው የፍርድ ቤት ክርክር ሳይጠብቅ ንብረቱን ተረክቦ ሊሸጥ ይችላል። ይህ ለአበዳሪው ፍጥነት የሚሰጥ፣ ለተበዳሪው ግን ከባድ አንቀጽ ነው፤ የእርሻ በሬ በሰኔ ከተወሰደ የዓመቱ እርሻ አብሮ ይሄዳል። በአንጻሩ ተበዳሪው ከሽያጩ በፊት ማስታወቂያ ሊደርሰው ይገባል፤ ሽያጩ ሳይፈጸም ዕዳውንና ወጪውን ከፍሎ ንብረቱን የማስመለስ መብትም አለው። ንብረቱ ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ የተበዳሪው ነው። የተያዘን ከብት ያለ አበዳሪው ፈቃድ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ግን ውል ማፍረስ ነው፤ ገዢውንም በማያውቀው ክርክር ውስጥ ይከተዋል።

አሁንም ብዙ የብድር መኮንኖች ቤትን ይመርጣሉ። ቤት አይሞትም፣ አይሰረቅም፣ ገማቹም በየከተማው አለ። ለበሬና ለወፍጮ የሠለጠነ ገማች፣ የተያዘ ንብረት በአግባቡ የሚሸጥበት ገበያና ከብትን በመለያ የመመዝገብ ልማድ በየወረዳው እስኪዳብር ድረስ ምርጫቸው በቀላሉ አይለወጥም። ተበዳሪው በበኩሉ የክትባት ማስረጃ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድና የሽያጭ መዝገብ ይዞ ቢቀርብ የድርድር አቅሙ ይጨምራል። ጥያቄው በቃል ውድቅ ቢደረግበትም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ አንድ የሚረሳ ጉዳይ ይቀራል። በሬው በመያዣ መዝገቡ ላይ እንደተያዘ ከቆየ ባለቤቱ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ብድር ሲጠይቅ ንብረቱ ነጻ ያልሆነ መስሎ ይታያል። የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝ በተቀበለበት ዕለት ምዝገባው እንዲሰረዝለት ማመልከትና መሰረዙን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይዞ መውጣት ይኖርበታል።